ሰው ሠራሽ እግር ከተገጠመ በኋላስ?

የዜናውን መልክ ሁላችንም እናውቀዋለን። አዳራሽ አለ፣ ባነር አለ፣ የክብር እንግዳ አለ። ለዚህን ያህል ወገኖች ሰው ሠራሽ እግር ተሰጠ ይባላል። አንዱ ተነስቶ ጥቂት ይራመዳል፤ ይጨበጨባል። መልካም ነው፤ እግር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከስድስት ወር በኋላ ያለው ነው። ሰውየው እግሩን በቀን ስንት ሰዓት ያደርገዋል? ሥራ ገብቷል? ወይስ እግሩ አልጋ ሥር ተወሽቆ እሱ ወደ ክራንቹ ተመልሷል? ይህን ተከታትሎ የሚዘግብ ብዙም አላየሁም።

የምለው ይህን ነው፤ የታደለውን እግር ከምንቆጥር ይልቅ እግሩ በቀን የሚለበስበትን ሰዓትና ባለቤቱ የሚውልበትን ሥራ እንለካ። ያኔ ገንዘቡም ልፋቱም የሚሄድበት ቦታ ይለወጣል።

ጉዳዩ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ወጣቶችን ያለ እግር ትቷል። ጦርነት ካለፈም በኋላ በየማሳው ያልፈነዳ ነገር ይቀራል፤ ከብት ጠባቂ ልጅ ይረግጠዋል። በሰላሙም ቀን ቢሆን የመኪና አደጋ አለ፣ የግንባታ ቦታ አደጋ አለ፣ ስኳር አለ። የስኳር ሕመም እግር ሲያስቆርጥ ነገሩ በአብዛኛው የሚጀምረው በትንሽ ቁስል ነው። ቁስሉ አያምም፤ ሰውየውም ችላ ይለዋል። ሌላው ደግሞ ስሙን ስንጠራ የምንጠነቀቅለት ነው፤ የወጌሻ እሰር። የልጅ አጥንት ሲሰበር አጥብቆ ይታሰራል፤ ደም ይቆማል፤ ጣት ይጠቁራል። ይህ ለሕፃናት እጅና እግር መቆረጥ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻ ጋር የሚወስድ ወላጅ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ እመኛለሁ፤ ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ እሰሩ ያኔውኑ ይፈታ፣ ልጁም ሐኪም ቤት ይሂድ። እስከ ነገ አይቆይም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ35 እስከ 40 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ሰው ሠራሽ አካል ወይም የአካል ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ይገምታል። የሚያገኘው ከአሥሩ አንዱ ነው። ይህ ቁጥር ራሱ ከባድ ነው። ግን ስለ አንደኛው እግር እንጂ ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው አይነግረንም። ለአዋቂ አንድ እግር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በሠላሳ ዓመቱ እግሩን ያጣ ሰው እስከ ጡረታው ድረስ ከስድስት እስከ አሥር እግር ይፈልጋል ማለት ነው። የሚያድግ ልጅ ሲሆን ደግሞ በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በየዓመቱ መለካት አለበት። በስምንት ዓመቷ የተገጠመላትን እግር በአሥራ አንድ ዓመቷም የምታደርግ ልጅ ወገቧ ይጣመማል።

ሰው ስለ ሰው ሠራሽ እግር ሲያወራ የሚያየው መርገጫውንና ቱቦውን ነው። ዋናው ነገር ያለው ግን ላይ ነው፣ ሶኬት በሚባለው ማቀፊያ፤ ቀሪው እግር የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እግር ለምን እንደ ጫማ ከመደርደሪያ ተነስቶ እንደማይሰጥ ይገባዋል። ባለሙያው መጀመሪያ ቀሪውን እግር ይዳስሳል። አጥንቱ የሚወጣበትን፣ ጅማቱን፣ የሚያመውን ቦታ በማይለቅ እርሳስ ያከብባል። ከዚያ በረጠበ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልለዋል። ጀሶው ሲደርቅ አውልቆ ውስጡን በጀሶ ይሞላዋል፤ የእግሩ ቅጂ ይወጣል። ጥበቡ ከዚህ በኋላ ነው። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ያለው ጅማት ጫና ስለሚችል እዚያ ጋ ጀሶውን በሞረድ ይፍቀዋል። የቅልጥሙ ጫፍና የጎን አጥንቱ ራስ ጫና ስለማይችሉ እዚያ ላይ ጀሶ ይጨምራል። በመጨረሻ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ግሎ ይለሰልስና ቅጂው ላይ ይለበጣል። ጥቂት ሚሊሜትር ስህተት ቁስል ናት። ቁስል ደግሞ ሁለት ሳምንት ከሥራ መቅረት ነው፤ በቀን ሠራተኛ ቤት ሁለት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሶኬቱ በልኩ ቢሠራም እግሩ ይለወጣል። በተለይ በመጀመሪያው ዓመት እብጠቱ እየወረደ ይሄዳል፣ ጡንቻው ይከሳል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጠዋት የጠበቀው ከሰዓት ይላላል። ለዚህ ነው ሰዎቹ ቀሪው እግር ላይ ከሶኬቱ በፊት የሚለበስ ካልሲ ይዘው የሚወጡት፤ ሲላላ አንድ ይጨምራሉ፣ ሲጠብቅ አንድ ይቀንሳሉ። ጥቂት ኪሎ መክሳትም መወፈርም ለውጥ ያመጣል። ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ጠበቅ አድርጎ የሚጾም ሰው ከፋሲካው ወይም ከዒዱ በፊት ሶኬቱ ቢላላ ሊገርመው አይገባም። ይህን አስቀድሞ የነገረው ካለ ካልሲ ይጨምራል። የነገረው ከሌለ «እግሩ ተበላሸ» ብሎ ያስቀምጠዋል።

ድካሙንም እንወቅለት። ከጉልበት በታች በተገጠመ እግር መራመድ ከተለመደው አረማመድ ከ10 እስከ 40 በመቶ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ከጉልበት በላይ ሲሆን ከ60 በመቶም ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም የምትሄደውን መንገድ አስብ፤ እሱ አንዴ ሲሄዳት አንተ አንድ ተኩል ጊዜ የሄድክ ያህል ይደክመዋል። ሥራ ቦታ ሲደርስ ላቡ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። ላቡ ሶኬት ውስጥም አለ። ማታ ቆዳውም ማቀፊያውም ታጥቦ መድረቅ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህች ትንሽ የምትመስል ሥራ ትልቅ ናት።

ስለ ሽንት ቤት ማንም አያወራም። ማውራት አለብን። የአብዛኛው ሥራ ቦታችን ሽንት ቤት ቁጢጥ የሚያስብል ነው። የሰው ሠራሹ እግር ቁርጭምጭሚት አይታጠፍም፤ የሶኬቱም ጠርዝ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከኋላ ይቆርጣል። አንድ ሰው ይህን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ ሊውል ይችላል። ውሃ ካልጠጣ ደግሞ ይደክማል፣ ራሱን ያመዋል፣ አለቃው «ዛሬም ፈዘሃል» ይለዋል። መፍትሔው ግድግዳ ላይ የሚበየድ አንድ የእጅ መያዣ ብረትና ከላይ የሚቀመጥ መቀመጫ ነው። ማንኛውም የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

ሌላ ደግሞ አለ፤ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ላይ የማይገኝ። መርገጫው የሚስተካከለው በጫማው ተረከዝ ከፍታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ጫማው ሲወልቅ ተረከዙ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሰውየውም ሚዛኑን ያጣል። መስጊድም ያው ነው። ረጅሙን ቅዳሴ መቆም ላይ ግን መቋሚያ አለ፤ ሁሉም ስለሚደገፍ ማንም ማንንም አያይም። ለተረከዙ ቀጭን ማስደገፊያ ቆርጦ መርገጫው ላይ በሚለበሰው ካልሲ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ባለሙያው «ጫማህን አውልቀህ የምትቆምበት ቦታ አለ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ ይህን አብሮ ይሰጠዋል። ካልጠየቀ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይተዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ደግሞ ማኅበሩን፣ ጽዋውን፣ ጓደኞቹን ይተዋል።

ሕንዶች ይህን ጥያቄ ቀድመው ጠይቀዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. ጃይፑር ከተማ ውስጥ አንድ የእጅ ጥበብ ባለሙያና አንድ የአጥንት ሐኪም ሆነው ከጎማ የተሠራ መርገጫ አወጡ። ከአውሮፓ የመጣው እግር ጫማ ይፈልግ ነበር፤ የሕንድ ገበሬ ግን በባዶ እግሩ ጭቃ ይረግጣል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ቁጢጥ ይላል። እነሱ የሰውየውን ውሎ አይተው እግሩን ለውሎው ሠሩት። የእኛም ገበሬ ከበሬ ኋላ እርፍ ይዞ በታረሰ መሬት ላይ ይሄዳል። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ በጋ ላይ ጓል ነው። ለከተማ አስፋልት የታሰበ መርገጫ እዚያ ቶሎ ያልቃል። ለገበሬ እግር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ስለ ማሳው ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራ ልምጣ። እግር ለሌለው ሰው ሥራ ሲፈለግ ሁለት ነገር ይታሰባል፤ ጥበቃ ወይም የሱቅ ጠረጴዛ። ጥበቃ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፤ ከሁሉም የማይመቸው እሱ ነው። ሰው ሳይጠየቅ ይመደባል። እስቲ ሥራዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ባጃጅን እንውሰድ። ነዳጁ በቀኝ እጅ ነው፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ ነው፣ ፍሬኑ ብቻ በቀኝ እግር ነው። ስለዚህ ግራ እግሩን ያጣ ሰው ባጃጅ ለመንዳት የሚያግደው የአካል ምክንያት የለም። ግራ እግር በማይጠይቅ አውቶማቲክ መኪናም እንደዚያው። የልብስ ስፌትን እንውሰድ። የድሮው ሲንጀር በእግር ይረገጣል፤ ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ረገጣው ያደክማል። ሞተር ሲገጠምለት ግን ችግሩ አለቀ፤ በደኅናው እግር ትንሽ መጫን ይበቃል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ጭቃ ተሸክሞ ወደ ፎቅ በመሰላል መውጣት አይችልም፤ ያው ሰው ግን ግንባታው ላይ ልኬት መያዝ፣ ዕቃ መመዝገብ፣ ብረት ማጠፊያው ላይ መሥራት ይችላል። «ይችላል ወይ» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሥራው ሲበተንና እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሲታይ ነው።

ቀጣሪዎች የሚፈሩት ወጪ ብዙውን ጊዜ የለም። አንድ ወንበር ይፈለጋል። በቀን ሁለቴ አሥር ደቂቃ፣ በር በሚዘጋበት ቦታ፣ እግሩን አውልቆ ቆዳውን የሚያደርቅበት። ለሐኪም ቀጠሮ የሚሆን ፈቃድ። ደረጃ ላይ የእጅ መደገፊያ። በፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሰጥ አንድ ትምህርት አለ፤ ደረጃ ስትወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ ሰው ሠራሹ ይቅደም። ይህን የተማረ ሰው መደገፊያ ካገኘ ሦስተኛ ፎቅም ቢሆን ይደርሳል። መደገፊያ የሌለው ደረጃ ግን አንደኛ ፎቅም ላይ ያስቀረዋል። የትራንስፖርቱ ነገር ለብቻው ጣጣ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የማይታጠፍ ጉልበት ይዞ መግባት አይሆንም። ጋቢናን መልቀቅ ለአንተ ምንም አይደለም፤ ለእሱ ሥራ የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ነው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። አሠሪው ለሥራው የሚመች ሁኔታና መሣሪያ እንዲያዘጋጅ ያዛል። ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲሰጠውም ይላል። ተገለልኩ ብሎ የከሰሰ ሰው ጭብጡን ካሳየ አለማግለሉን የማስረዳቱ ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱትም፣ መራመድ ችለው ደረጃ ለሚቸግራቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ጠይቋል። ሰው ሠራሽ እግር ያለውን ሰው የሚነካው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። ራምፕ የሠራ ሁሉ ጨረስኩ ይላል። ቁልቁለቱ የበዛና በሴራሚክ የተነጠፈ ራምፕ ግን ለሰው ሠራሽ እግር ከደረጃ ይብሳል፤ በዝናብ ቀን ያንሸራትታል።

በሥራ ላይ እያለ እግሩን ያጣ ሰው ደግሞ ሌላ መብት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሕክምናውን ወጪ እንዲችል ሲያዝ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሠራሽ አካልንም ይጨምራል። የግንባታ የቀን ሠራተኛው «ውል የለኝም» ብሎ ዝም ይላል። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃልም ይሆናል። ዝም ያለው ሰው መብቱን ትቶ ለእግሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይለምናል፤ ይህ ያናድደኛል። እግሩ ከአራት ዓመት በኋላ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ማን ይክፈል የሚለው ደግሞ በካሣው ድርድር ቀን መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው። ካሣ ሲሰላ አንድ እግር ብቻ ከታሰበ ሰውየው ቀሪውን ዕድሜውን በኪሱ ይከፍላል።

ሕመሙንም ሳንነካ አንለፍ። እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች አብዛኞቹ የሌለው እግር ያማቸዋል። ጣቴን ያቃጥለኛል፣ ውስጥ እግሬን ያሳክከኛል ይላሉ። እውነተኛ ሕመም ነው፤ የሚመጣው ከነርቭና ከአንጎል ነው። ቤተሰብ ግን ይደነግጣል፤ ሰውየውም አበድኩ ብሎ ይደብቀዋል። ጠበል መሄዱ ክፋት የለውም፤ ሐኪሙ ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት «ይህ ሊመጣ ይችላል» ብሎ ቢነግረው ግማሹ ፍርሃት ይቀላል። መስታወት ፊት ደኅናውን እግር እያንቀሳቀሱ አንጎልን የሚያለማምዱበት ዘዴም አለ፤ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። መስታወት እንግዲህ የትም ይገኛል።

ሴቶች ላይ ነገሩ ይጠነክራል። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ እግር ልኬት ሲወሰድ ባለሙያው እስከ ጭን ላይኛው ክፍል መንካት አለበት። ሴት ባለሙያ ከሌለች ብዙዎች ያፍራሉ፤ ወይ አይመጡም ወይ ልኬቱ በጥድፊያ ያልፋል። ከዚያ ቤት ስትመለስ ውሃ መቅዳት አለ፣ ልጅ ማዘል አለ። የታዘለ ልጅ ክብደት በሙሉ በሶኬቱ በኩል ይወርዳል። ማዕከል ውስጥ በትይዩ ብረቶቹ መካከል ባዶ እጅ መራመድ ያሠለጠናት ሰው ልጅ አዝላና ጀሪካን ይዛ መራመድን አላሠለጠናትም። ያን ማሠልጠን ግን ይቻላል፤ አንድ ተጨማሪ ሳምንት ነው።

ይህን ሁሉ የሚይዙት ማዕከላት አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭን በመሳሰሉ ከተሞች ያሉት ናቸው። ቁጥራቸው ለዚህ አገር ስፋት ያንሳል። ብሎን ቢፈታ ወይም ቀበቶው ቢበጠስ ገበሬው እንደገና አውቶቡስ ይሳፈራል፣ አልጋ ይከራያል፣ ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ አይሄድም። ለዓመታት የአገራችን ማዕከላት ትልቁ ደጋፊ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ነበር። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት የፖሊፕሮፒሊን አሠራርም የእሱ ነው። ኮሚቴው በ2023 እ.ኤ.አ. ከባድ የበጀት ጉድለት ገጥሞት በዓለም ዙሪያ ሠራተኛና ቢሮ ቀንሷል። መርገጫው፣ ጉልበቱ፣ ፕላስቲኩ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሆኖ ሳለ በአንድ ደጋፊ ላይ መንጠልጠል አደገኛ ነው። እኔ ብጠየቅ ከአዲስ ሕንፃ በፊት በየዞኑ ሆስፒታል አንድ የሠለጠነ ጠጋኝና አንድ ሳጥን መለዋወጫ አስቀምጣለሁ። ካልሲ፣ ቀበቶ፣ ብሎን፣ መርገጫ። ከዚያም አንድ መዝገብ፤ እግር የወሰደ ሰው ሁሉ በሦስት ወሩ፣ በስድስት ወሩና በዓመቱ ስልክ ይደወልለት። በቀን ስንት ሰዓት ታደርገዋለህ፣ የቆሰለ አለ ወይ፣ ምን ትሠራለህ የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች አንድ ነገር ልበላችሁ። ያገለገለ እግር ሰብስቦ መላክ ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ሶኬቱ ለሌላ ሰው አይሆንም። የብረት ማያያዣዎቹም እዚህ ካለው የፕላስቲክ አሠራር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ስለዚህ ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት ለማዕከሉ ደውላችሁ የጎደለውን ጠይቁ። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ የሰው ወጪ ነው። እግር ተሠርቶለት ለመለማመጃው ሁለት ሳምንት የሚያድርበት አጥቶ በሦስተኛው ቀን ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው አለ። የእሱን አልጋ፣ ምግብና የመመለሻ ትኬት፣ ከስድስት ወር በኋላም ለማስተካከያ የሚመጣበትን ትኬት ብትችሉለት እግሩ ይለበሳል።